አስታማሚ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ገና ሳይገልጥ ፊቱን፣
እኔ እጀምራለሁ የአንሶላ እጥበቱን፣
የማላውቀውን ሰው ደሙን፣ ላቡን፣ ሌሊቱን።
የደሴ ውርጭ ክፉ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ይናደፋል፤
ጣቴ ሲደነዝዝ ከንፈሬ ጸሎት ይለፈልፋል።
«አባታችን ሆይ» እላለሁ፤ ቃሉ እንደ ውሃ ይፈሳል፤
ከዕለት እንጀራው አልፎ ከዚያች ከ«ይቅር» መስመር ሲደርስ፣
ግድብ አግኝቶ ይመለሳል።

አስራ አንድ ዓመት ዘለልኳት።
የነፍስ አባቴም አያውቁ፤
እንደ ተሰበረ ደረጃ፣ እግሬ ለምዶ ተሻገራት።

የእናቴ ቤት በሆጤ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ የኮክ ዛፍ፤
አበጋዝ ሸንጎ ቆሞ ማለ፣ እጁን ጭኖ ከመጽሐፍ፤
«የሷ አይደለም» አለ። አለቀ።
ያን ዓመት ኮኩ ሲያፈራ፣ በአጥር ቀዳዳ አየሁት፤
ልጆቹ ይለቅሙታል፤ እኔ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።
ከዚያ ወዲህ ሰኞ ገበያ ጓሮ፣ በኪራይ ቤት ከረምኩ፤
ቆርቆሮው ባፈሰሰ ቁጥር ስሙን እየጠራሁ ረገምኩ።
መድኃኔዓለም ደጅ ሻማ ሳበራ እንኳ
ልመናዬ ጨለማ ነበር።

ትናንት ከወንዶች ክፍል አንሶላ ልሰበስብ ስገባ፣
ሰባተኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ፤
ግራ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ አጠገቡ ተጋድሟል፣
አፉ ወደ ጎን ወድቆ፣ ቃል ፈልጎ ያቃስታል፤
ከራስጌው ያለው ካርድ «አበጋዝ ወሌ» ይላል።

ነርሷ በር ላይ ጮኸች፤ «አስታማሚ የሌለው፣ ሰባት!
ማነው የሰባት ቁጥር ዘመድ?» ክፍሉ ዝም አላት።
ልጆቹ ጅቡቲ ናቸው አሉ፤ ስልካቸው አይነሳም።
ፊቴን አዞርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አልዋሽም፦
ደስ አለኝ፤ ደስ አለኝ እስከ ጥርሴ ሥር፤
«አየህ ጌታዬ፣ ፈረድክልኝ» ብዬ ላመሰግን ስጀምር፣
ምስጋናዬ እንዳደረ ጨርቅ ሸተተኝ፤
ሃያ ዓመት ስንቱን እድፍ የለየ አፍንጫዬ
ይሄንንም ለየልኝ።

ብርታት ስጠኝ አልኩት እንጂ፣ ፍቅርን አልለመንኩም፤
ፍቅር ከየት አባቱ! ያን ያህል አልዋሸሁም።
የተሰጠኝም ትንሽ ነው፤ ከበሩ እስከ አልጋው የሚያደርስ፣
አስራ አራት እርምጃ፤ ከዚያ የማይተርፍ፣ ከዚያ የማያንስ።

ለምሳዬ የያዝኩት አጥሚት ነበር በፔርሙዝ፤
ማንኪያ ግን የለኝም።
ዘሀራ፣ ስድስተኛው አልጋ ላይ ልጇን እያጎረሰች፣
ቀና ብላ አየችኝ። የሆጤ ሰው ናት፤ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች።
ምንም አልጠየቀችኝም። ማንኪያዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣
«አብሽሪ» አለችኝ ብቻ፣ መዳፌ ላይ አድርጋ።

የመጀመሪያው ማንኪያ በጉንጩ ፈሰሰ፤
ሁለተኛውም ፈሰሰ፤ አገጩን ጠረግሁለት፤
በሦስተኛው ዋጠ።
የማለው አፍ ይሄ ነው፣ ይሄው የማጎርሰው፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ማንኪያው ጥርሱን መታው፤
«ይቅርታ» አልኩት፣ ሳላስበው።
ይቅርታ! ከእኔ አፍ! ለሱ!
ቃሏ ወጥታ አየር ላይ ቆመች፤ ልመልሳት ብል ረፈደ፤
በደህናው ዓይኑ አየኝ፤ ይወቀኝ አይወቀኝ እንጃ፤
አንድ እንባ ወረደ።
በሽታው ራሱ ያስለቅሳል ትላለች ነርሷ፤
ሊሆን ይችላል። እኔ አልመረመርኩም።

ዛሬም ውሃው ይናደፋል፤ ጦሳም ጉሙን አልጣለ፤
ቤቱም አልተመለሰልኝ፤ ኮኩም እዚያው ቆሞ አለ።
ጎህ ሲቀድ ግን ያቺን መስመር አልዘለልኳትም፤
እጄን ውርጭ ውሃ ውስጥ እንደምከት፣ ቀስ ብዬ ገባሁባት፤
ግማሿን አልኩ። ግማሿ ጉሮሮዬ ላይ ናት።
አሁን አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ለሰባት ቁጥር ልድረስ፤
ቀሪዋን እየሄድኩ እላታለሁ፣
አስራ አራቱን እርምጃ እስክጨርስ።